ዱፑን አትሰርዙት፦ የሬዲዮ አምድ ጥያቄና መልስ

የኮንቴስት ሰሞን ባለፈ ቁጥር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ዱፕ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ አንቴናውንም ባትሪውንም ወደ ጎን ትቼ እሱን ብቻ ልመልስ። ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፣ የአማተር ሬዲዮ ኮንቴስት ማለት በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የቻልከውን ያህል ጣቢያ አየር ላይ አግኝተህ፣ ኮልሳይን (የጣቢያ መለያ ስም) እና አጭር መረጃ ተለዋውጠህ ሎግህ ላይ የምትመዘግብበት ውድድር ነው። ዱፕ ደግሞ አንዴ ያገኘኸውን ጣቢያ እዚያው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ላይ ድጋሚ ስታገኘው ነው። በአማርኛ "ድግግሞሽ" እንበለው ያሉኝ ነበሩ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነበር ግን ድግግሞሽ የሚለውን ቃል ፍሪኩዌንሲ ቀድሞ ወስዶታል፣ "በ14 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ ላይ ድግግሞሽ ገጠመኝ" ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሰቃየት ነው። ዱፕ ይበቃናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የመጀመሪያ ኮንቴስቴን ሞክሬ 214 ኮንታክት አገኘሁ፣ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሶፍትዌሩ 11 ዱፕ አለብህ አለኝ። አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው "ከመላክህ በፊት ጠራርገህ አጥፋቸው፣ አለዚያ ከውድድር ያስወጡሃል" አሉኝ። ላጥፋ ወይስ ልተው?

መልስ፦ መጀመሪያ እጅህን ከማጥፊያው ቁልፍ ላይ አንሳ። እሺ። አሁን እናውራ።

እኚያ ትልቅ ሰው አልዋሹህም፣ የነገሩህ ግን የወረቀት ዘመን ህግ ነው። ያኔ ሎግ በፖስታ ነበር የሚላከው፣ የሚያየውም ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ይደክመዋል፣ ስለዚህ ዱፑን አንተው ፈልገህ ነጥቡን ዜሮ ማድረግ ነበረብህ፣ ሳትለይ ነጥብ ከጠየቅክበት ዱፑ ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ ኮንታክትም ይቀነስብህ ነበር፣ ብዛቱ ካለፈ ደግሞ እውነትም ከውድድር ያስወጣ ነበር። ዛሬ ሎግ የሚልከው ከሞላ ጎደል ሁሉ በኮምፒውተር ፋይል ነው፣ ከ1999 ጀምሮ የተለመደው ደግሞ ካብሪሎ የሚባለው ፎርማት ነው፣ ይሄም እያንዳንዱ ኮንታክት በአንድ መስመር፣ ፍሪኩዌንሲው፣ ሞዱ (በድምጽ ወይስ በሞርስ)፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ያንተ ኮልሳይን፣ የላክኸው፣ የሱ ኮልሳይን፣ የተቀበልከው እያለ የሚደረደርበት ጽሁፍ ነው። የአዘጋጆቹ ፕሮግራም የሁሉንም ሎግ ጎን ለጎን አስቀምጦ መስመር ከመስመር ያጋጥማል። ዱፑን ራሱ ያገኘዋል፣ ዜሮ ነጥብ ይሰጠዋል፣ አለቀ። ቅጣት የለም። እንደ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ያሉት ትልልቆቹ ኮንቴስቶች እንደውም እባካችሁ ዱፕ አታጥፉ ብለው ነው የሚለምኑት።

"ዜሮ ከሆነ ባጠፋውስ ምን ይጎዳኛል?" ትል ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። እንበል 02:14 ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ አንድ ጣቢያ በ14 ሜጋኸርዝ ጠራህ፣ ተለዋወጣችሁ፣ አንተ "አመሰግናለሁ" ብለህ ኢንተር መታህ። በዚያች ሰከንድ ግን እሱ ጋ አንድ ሰው ፍሪኩዌንሲው ላይ ማሽኑን እያስተካከለ ጮኸበትና መጨረሻህን አልሰማም፣ ስለዚህ "አልተሟላም" ብሎ አጠፋህ። ስክሪኑ ላይ የለህም። 09:40 ላይ ዞሮ ሲመጣ እንደ አዲስ ጠራህ፣ አንተም መለስክለት፣ ሶፍትዌርህ ዱፕ አለ። አሁን ቁጠር። አንተ ሎግ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ እሱ ሎግ ላይ አንድ፣ የ09:40ው። ሁለቱንም ከተውክ ፕሮግራሙ የ02:14ቱን እሱ ጋ ያጣዋል፣ የ09:40ውን ግን ያገኘዋል፣ እሱን ይቆጥርልሃል። ዱፕ ነው ብለህ የ09:40ውን ከሰረዝከው ግን የቀረህ እሱ የማያውቀው መስመር ነው፣ እሱም ይወድቃል፣ በብዙ ኮንቴስት ላይ ደግሞ ሌላው ሎግ ውስጥ ያልተገኘ ኮንታክት ከመውደቁም በላይ ተጨማሪ ነጥብ ያስቀንሳል። በዚህ ሳያበቃ ያ ምስኪን ሰውዬም ያለው አንድ መስመር አንተ ጋ ስለማይገኝ እሱም ይቀጣል። ሁለት ሰው አከሰርህ ማለት ነው፣ ሎጌ ንጹህ ይምሰል ብለህ።

11ዱም እንዳሉ ይሂዱ። ደግሞ በ214 ውስጥ 11 የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም፣ ብዙ ሰው ድጋሚ እየጠራህ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተመልከት፣ ኮልሳይንህን በየስንት ኮንታክቱ ነው የምትናገረው? አምስት ስድስት ሰው ሳትናገር የምትሄድ ከሆነ ሰዉ ማን እንደሆንክ ሳያውቅ ጠርቶህ፣ ከጨረሰ በኋላ ነው ዱፕ መሆኑን የሚያውቀው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባብዛኛው ፎን (በድምጽ) ላይ ነኝ። ያገኘሁት ሰው ድጋሚ ሲጠራኝ "ቀደም ብለን ተገናኝተናል" እለዋለሁ፣ አንዳንዱ እሺ ብሎ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ግን "ኧረ ሎጌ ላይ የለሽም" ብሎ ይከራከራል፣ ኮምፒውተሬ ደግሞ ዱፕ እያለ እየቀላ ነው። ማንን ልመን? ህጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ እህቴ ህጉ መልሺለት ወይም አትመልሺለት አይልም። እኔ ግን መልሺለት እላለሁ፣ ሁሌም፣ ሳትከራከሪ። አንደኛ ጊዜ ነው። አንድ ኮንታክት ሲሄድ 10 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ "ቀደም ብለን ተገናኝተናል" "አልተገናኘንም" "ኧረ በ07:52" "ሎጌ ላይ የለም" ሲባባሉ ግን ግማሽ ደቂቃ ያልቃል፣ እሱን እየሰማ ተራ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ሰልችቶት ዳያሉን ያዞራል።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ነው። ኮምፒውተርሽ የሚያውቀው አንቺ የጻፍሽለትን ብቻ ነው። እሱ "የለሽም" ካለ፣ በሱ ሎግ ላይ እውነትም የለሽም ወይም ደግሞ ስምሽን አበላሽቶ ነው የጻፈሽ፣ በሁለቱም መንገድ ሁለተኛው ኮንታክት ለሱ ያስፈልገዋል፣ የመጀመሪያው ከሌለ ላንቺም ያስፈልግሻል።

የተገላቢጦሹም አለ፣ ይሄ እኔን ራሴን ያቃጠለኝ ነው። ሲደብልዩ (በሞርስ) ላይ አንድ ደካማ ጣቢያ ጠራሁ፣ "ተገናኝተናል" አለኝ። እኔ ጋ ዱፕ አይልም። ድጋሚ ጠራሁት፣ "ተገናኝተናል"። ሶስተኛ ስጠራው ዝም። ተናድጄ ሄድኩ፣ እንደውም ትንሽ ተሳደብኩ (ማይክ አልነበረም እንጂ)። ከወራት በኋላ የሎግ ምርመራው ሪፖርት ሲደርሰኝ ምን አየሁ መሰላችሁ፣ የኮልሳይኑ መጨረሻ ፊደል ኤች ነበር፣ እኔ ኤስ ብዬ ጽፌዋለሁ። በሞርስ ኤስ ሶስት ነጥብ ነው፣ ኤች አራት ነጥብ፣ 5 ቁጥር አምስት ነጥብ። በጩኸት መሃል አንዷ ነጥብ ከተዋጠች ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ሰውየው ትክክል ነበር፣ ተገናኝተናል፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ኮንታክቱም ወደቀብኝ ቅጣቱም መጣብኝ።

ያን ቀን "ተገናኝተናል" ሲለኝ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር፣ የኮልሳይኑን የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ጽፎ ሎጉ ውስጥ መፈለግ። ያቺ ኤስ ብላ ፍጥጥ ትል ነበር። ውድድሩ ሳያልቅ፣ አየር ላይ በጆሮህ በሰማኸው ተነስተህ ማረም ችግር የለውም። ክልክሉ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ከዳታቤዝ፣ ከኢንተርኔት ወይም ከድምጽ ቅጂ እየተነሱ ኮልሳይን ማስተካከል ነው፣ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ይሄን በግልጽ ይከለክላል፣ ሎግ ማስገቢያውንም 5 ቀን ብቻ አድርጎታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ተራ ቁጥር በሚሰጥበት ኮንቴስት ላይ ዱፕ ሲመጣ የድሮውን ቁጥር ፈልገሽ እንዳትሰጪው፣ አዲስ ቁጥር ስጪና አዲስ መስመር መዝግቢ። የድሮውን ከሰጠሽው እሱ የሚጽፈውና ያንቺ መስመር አይገጥሙም።

ጥያቄ፦ ያው ሰውዬ በ14 ሜጋኸርዝም በ21ም ካገኘሁት ዱፕ ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው ኮንቴስት አይደለም። ቆጠራው በየባንዱ ነው፣ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ላይ ከ1.8 እስከ 28 ሜጋኸርዝ 6 ባንድ ስላለ አንድን ጣቢያ 6 ጊዜ መያዝ ትችላለህ። ግን ህጉን ሳታነብ እንዳትገባ፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ አይነት አይደለም። ሀምሌ ላይ ያለው የአይኤአርዩ (የዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት) ሻምፒዮና ፎንና ሲደብልዩን አንድ ላይ ስለሚያካሂድ ያንኑ ሰው በዚያው ባንድ አንዴ በፎን አንዴ በሲደብልዩ ብታገኘው ሁለቱም ይቆጠራል። ህዳር ላይ ያለው የአሜሪካኖቹ ስዊፕስቴክስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከ1930 ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ኮንቴስት ነው፣ እዚያ አንድ ጣቢያ አንዴ ነው፣ ባንድ ብትቀይርም ዱፕ ነው፣ በሌላው ኮንቴስት የለመደ ሰው እዚህ ሲገባ ሁሌም ግራ ይገባዋል። በመኪና እየተንቀሳቀሰ የሚጫወት ጣቢያ ደግሞ አንዳንድ ኮንቴስት ላይ አዲስ ወረዳ ወይም አዲስ ግሪድ (የካርታ አራት ማዕዘን) ሲገባ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ዱፕንና መልቲፕላየርን (ጠቅላላ ነጥብህን የሚያባዛልህን) ግን አታምታታ። ደብልዩፒኤክስ በሚባለው ኮንቴስት ላይ ያንን ሰው በሁለት ባንድ ብታገኘው ሁለት ኮንታክት ነው፣ ዱፕ አይደለም፣ ፕሪፊክሱ (የኮልሳይኑ መጀመሪያ ክፍል) ግን መልቲፕላየር ሆኖ አንዴ ብቻ ነው የሚቆጠርልህ።

ጥያቄ፦ እኛ አራት ጓደኛሞች ሆነን ነው በአንድ ኮልሳይን የተጫወትነው፣ በሁለት ሬዲዮ በሁለት ላፕቶፕ። መሃል ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠና እያንዳንዱ ላፕቶፕ ለብቻው መመዝገብ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ፋይል አንድ ላይ ስንከተው 300 ምናምን ዱፕ ወጣ! አንዱ ጓደኛችን "አምዱ ላይ ዱፕ አይጠፋም ተብሏልኮ" ብሎ እንዳለ ላኩት ይላል፣ ሌላው ይጥፋ ይላል፣ ተጣልተናል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ስለሁለት የተለያየ ነገር ነው የምታወሩት። ዱፕ ኮንታክት አለ፣ ዱፕ መስመር አለ። ዱፕ ኮንታክት ማለት አየር ላይ እውነት ሁለት ጊዜ ተገናኝታችኋል ማለት ነው፣ እሱ አይነካም። ዱፕ መስመር ማለት አንዱ ግንኙነት ሁለት ቦታ ተጻፈ ማለት ነው፣ አየር ላይ ያልሆነ ነገር ሎግ ላይ ሊኖር አይገባም፣ እሱ ይጠፋል። 300 ምናምን ዱፕ ካያችሁ ደግሞ አየር ላይ የሆነ ሊሆን አይችልም፣ ኔትወርኩ ከመቋረጡ በፊት የነበረው ሎግ በሁለቱም ላፕቶፕ ላይ ስላለ ስትደምሩት እያንዳንዷ መስመር ሁለት ሆና ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? መጀመሪያ የሁለቱንም ፋይል ኮፒ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ይሄን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ፣ የምሬን ነው። ከዚያ በሰዓት ደርድሩት። ኮልሳይኑ፣ ባንዱ፣ ሞዱ፣ የተቀበላችሁት መረጃ፣ ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ አንድ የሆኑ ጥንዶች ካሉ አንድ ግንኙነት ናቸው፣ አንዷ ትጥፋ። ኤዲአይኤፍ ፋይል (ሎግን ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ የሚያዛውሩበት) በስህተት ሁለት ጊዜ ያስገባ ሰውም የሚገጥመው ይሄው ነው።

ተንኮለኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ሁለቱ ላፕቶፖች ሰዓታቸው ካልተመሳሰለ አንድ ጣቢያ አንዱ ፋይል ላይ 11:03፣ ሌላው ላይ 11:10 ሆኖ ታዩታላችሁ፣ ስታዩት የ7 ደቂቃ ልዩነት ያለው እውነተኛ ዱፕ ይመስላል። አንዱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ 20 ጥንድ ውሰዱና ልዩነቱን እዩ። ሁሉም ላይ 7 ደቂቃ ከሆነ ሰዓቱ ነው የሳተው፣ አንዱ 7፣ አንዱ 50 ደቂቃ፣ አንዱ 3 ሰዓት ከሆነ እውነተኛ ዱፖች ናቸው። ልዩነቱ ሙሉ ሰዓት ሆኖ ከተደጋገመ ደግሞ አንዱ ላፕቶፕ በዩቲሲ ፋንታ በአካባቢ ሰዓት ነው የጻፈው። ተራ ቁጥር የሚሰጥበት ኮንቴስት ከነበረ ስራው ይቀላል፣ ጣቢያው የሰጣችሁ ቁጥር በሁለቱም መስመር አንድ ከሆነ አንድ ግንኙነት ነው፣ በሁለት ግንኙነት ሁለት ጊዜ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ሰው የለም (ከላይ ያልኩትን ካልሰማ በቀር)። እና ሰዓቱ የሳተውን ፋይል መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ነው የሚደመረው፣ ተደምሮ ከሆነ ወደ ፍላሹ ኮፒ ተመለሱ።

ይሄን ሁሉ ካጸዳችሁ በኋላ ጥቂት ዱፖች ይተርፋሉ፣ ኔትወርኩ ተቋርጦ ሳለ አንደኛው ልጅ ጠዋት ያገኘውን ሌላው ከሰዓት ያገኘው አይነት። እነሱ እውነተኛ ናቸው፣ ይሂዱ። ታረቁ።

ጥያቄ፦ እኔ የሚገርመኝ ሶፍትዌሩ ዱፕ ይላል፣ እኔ ግን ያን ሰው በዚያ ባንድ እንዳላገኘሁት እምላለሁ። ሶፍትዌር ይሳሳታል?

መልስ፦ ሶፍትዌሩ አይሳሳትም፣ ያሳስቱታል። ኬብሉን እይ።

ሬዲዮውና ኮምፒውተሩ በኬብል ካልተነጋገሩ ሶፍትዌሩ ባንዱን ካንተ ነው የሚጠብቀው፣ ተነጋግረው መሃል ላይ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ደግሞ መጨረሻ ያየውን ባንድ ይዞ ይቀራል፣ አይነግርህም ወይም ጥግ ላይ በትንሽ ጽሁፍ ነው የሚነግርህ። እኔ አንዴ ከ14 ወደ 21 ሜጋኸርዝ ወጥቼ 40 ደቂቃ ያህል ስጫወት ነበር፣ ባንዱ ተከፍቷል፣ ጣቢያው ጎርፍ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ዱፕ አለኝ፣ መለስኩ። ሁለተኛ ዱፕ። ሶስተኛ። "ዛሬ ሰዉ ምን ነክቶታል፣ ሎግ አይጽፍም እንዴ" እያልኩ በሰው ስስቅ ነበር። አራተኛው ላይ ቀና ብዬ ሳይ ስክሪኑ 14 ይላል፣ ሬዲዮው 21 ይላል። የኬብሉ ጫፍ በክርኔ ተገፍቶ ወጥቶ ነበር። ዱፕ ያላቸው ጠዋት በ14 ያገኘኋቸው ናቸው፣ ዱፕ ያላላቸው ደግሞ የባሱ ናቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ዝም ብለው በስህተት ባንድ ተመዝግበዋል፣ ሌላኛው ወገን ሎግ ላይ በ21 ነው ያሉት፣ አይገጥሙም።

እንደ እድል ሆኖ የት እንደጀመርኩ አውቅ ነበር፣ ወረቀት ላይ "21 ወጣሁ 13:05" ብዬ ጽፌ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ እዚያው ወደ 21 ቀየርኩት፣ ከዱፖቹ ሶስቱ አዲስ ኮንታክት ሆኑ፣ አራተኛውን በ21 ከዚያ በፊት ይዤው ስለነበር ዱፕ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዱፕ በተከታታይ ሶስት ጊዜ ካየህ በሰው አትሳቅ፣ ሬዲዮህን እይ። ከዚያ ወዲህ ባንድ በቀየርኩ ቁጥር ወረቀት ላይ ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ ኋላ ቀር ነው ይሉኛል፣ ይበሉ።

የምትጠራጠረው አንድ መስመር ብቻ ከሆነና ልትጠይቅበት ካልፈለግክ ደግሞ አትሰርዘው፣ ካብሪሎ ላይ "ኪውኤስኦ" የሚለውን የመስመር መጀመሪያ "ኤክስ-ኪውኤስኦ" አድርገው (በፋይሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው)። ለአንተ አይቆጠርም፣ ለሌላው ወገን ግን ግንኙነቱ መኖሩን ይመሰክርለታል። ሰርዞ ሰው ከማስቀጣት ይሄ ይሻላል፣ ለተራ ዱፕ ግን ይሄም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጄ እኔ የድሮ ሰው ነኝ። በኛ ጊዜ ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዱፕ ሺት (ያገኘናቸው ጣቢያዎች የሚጻፉበት ወረቀት) ይይዝልኝ ነበር። አሁንም መስክ ወጥቼ ያለ ኮምፒውተር በትንሽ ባትሪ መጫወት ደስ ይለኛል። የድሮው የኛ ወረቀት ከ200 በላይ ሲሆን ፍለጋው ያደክመኝ ጀመር፣ የተሻለ ዘዴ ታውቃለህ?

መልስ፦ ጋሼ እርስዎ እኔን ማስተማር ሲገባዎት! ግን እኔ የምጠቀመውን ልንገርዎት። ለእያንዳንዱ ባንድ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ወረቀቱን 26 ሳጥን አደርገዋለሁ፣ በኮልሳይኑ የመጨረሻ ፊደል። ብዙዎች በመጀመሪያው ፊደል ወይም በቁጥሩ ይከፍሉታል፣ እዚያ ጋ ነው ድካሙ የሚመጣው፣ ምክንያቱም ከአንድ አገር የሚመጡት ሁሉ መጀመሪያቸው አንድ ስለሆነ ሁለት ሶስት ሳጥን ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራል። በመጨረሻው ፊደል ሲሆን የተሻለ ይበታተናል። 200 ኮንታክት ቢሆን በአማካይ በሳጥን 8 አይሞላም፣ 8 ስም በአንድ ዓይን ጥቅሻ ይታያል። ሙሉ ኮልሳይኑን ይጻፉ፣ ቁራጩን ብቻ አይጻፉ፣ ማታ ሲደክም ቁራጭ ያሳስታል።

ዱፕ ቢያመልጥዎትም አይጨነቁ፣ ቤት ገብተው ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡት ማሽኑ ይለየዋል፣ ከላይ ለልጁ እንዳልኩት ቅጣቱ ቀርቷል። ወንድምዎ ይሄን ቢሰሙ ስንት ሌሊት በከንቱ አስጨነቃችሁኝ የሚሉ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ኤፍቲ8 ላይ አንድ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሶስት ጊዜ ጠራኝ፣ ሶስት ጊዜ መለስኩለት፣ ሶስት መስመር ሆነ። ሮቦት ነው ወይስ ቀልድ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አይመስለኝም፣ የመጨረሻዋ መልእክት ናት። ኤፍቲ8፣ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር አጭር መልእክት የሚለዋወጥበት ሞድ፣ በየ15 ሰከንዱ ተራ በተራ ነው የሚላከው፣ አንተ "አርአር73" (ተቀብያለሁ፣ ደህና ሁን) ልከህ ሎግ አድርገህ ወደ ሌላ ሰው ሄድክ፣ እሷ መልእክት ግን እሱ ጋ አልደረሰችም። እሱ ገና እየጠበቀ ነው፣ ሶፍትዌሩም ሎግ አላደረገውም። እና ድጋሚ ይጠራሃል። በድምጽ ቢሆን "ሰማኸኝ?" ይልህ ነበር፣ እዚህ ግን አንተ ከሄድክ በኋላ የሚቀረው ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

መድሃኒቱ ቸኩሎ አለመሄድ ነው። አርአር73 ከላክህ በኋላ አንድ ዙር አዳምጥ፣ እሱ ሪፖርቱን እየደገመ ከሆነ አልደረሰውም ማለት ነው፣ አንተም ድገምለት። 15 ሰከንድ ታድናለህ ብለህ ዞረህ ሶስት ጊዜ ደቂቃ ደቂቃ መክፈል ሂሳብ አይደለም። ሶስቱንም መስመር ላክ፣ ከሶስቱ የትኛው እሱ ሎግ ላይ እንደገባ አንተ ልታውቅ አትችልም፣ የኔ ግምት ሶስተኛው ነው።

ጥያቄ፦ ባንድ ማፕ (ባንዱ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ስክሪን ላይ የሚደረድረው) ላይ ግራጫ የሆኑትን ሁሉ እዘላለሁ፣ ልክ ነኝ?

መልስ፦ አንተ እየዞርክ የምትጠራ ከሆነ አዎ። ኤን1ኤምኤም በሚባለው የሎግ ሶፍትዌር ላይ ግራጫ ማለት ዱፕ ነው፣ ሰማያዊ አዲስ ኮንታክት፣ ቀይ መልቲፕላየር፣ አረንጓዴ ከአንድ በላይ መልቲፕላየር። ላንተ ዜሮ የሆነን ሰው ጠርተህ የሱን ጊዜ አትብላ። ግን ማፑ ላይ ያለው ስም ሌላ ሰው በኢንተርኔት የላከው ከሆነ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግራጫ ላይ ስደርስ ሁለት ሰከንድ ቆሜ ኮልሳይኑን በጆሮዬ እሰማለሁ። ባለፈው አንዱን ግራጫ እንዲሁ ስሰማው ማፑ ቢ ያለው ፊደል 6 ነበር፣ ቢ ሰረዝና ሶስት ነጥብ ነው፣ 6 ሰረዝና አራት ነጥብ፣ ሙሉው ኮልሳይን ሲስተካከል ጭራሽ ያላገኘሁት አገር ሆነና ቀዩ በራ። የላከው ሰው ነጥቧን ሳይሰማት አልፏል፣ ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ደግሞ ማፑን አምኖ እየዘለለው ነበር መሰለኝ፣ ስጠራው በመጀመሪያው ነው የመለሰልኝ።